ባልጩትና ሞረድ

አድማጮቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምተርክላችሁ በፍላጻ ጫፍ ላይ ስለሚቀመጥ ስለት ነው። ትንሽ ነገር ነው፤ ርዝመቱ ከሰው አውራ ጣት እምብዛም አይበልጥም። ሆኖም የአንድ እንስሳ ሞት ፈጣን ይሁን ወይስ የተራዘመ፣ የሚወሰነው በዚያች ትንሽ ስለት ነው። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እነግራችኋለሁ፤ ታሪኩ የሆነው እነሱ አገር ነውና።

ኦገስት 29 ቀን 1911 ነው። በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ከኦሮቪል ከተማ ወጣ ብሎ፣ አንድ የከብት ቄራ አለ። የቄራው ሠራተኞች ውሾች ሲጮሁ ሰምተው ቢወጡ፣ ከበረቱ አጥር ሥር አንድ ሰው አገኙ። ራብ አክስቶታል። ፀጉሩን ለሐዘን በእሳት አሳጥሮታል። ይናገራል፤ የሚናገረውን ግን የሚሰማለት የለም። የአገሩ ሸሪፍ የሚያሳርፍበት ስፍራ ቢያጣ ወስዶ እስር ቤት አሳደረው።

ይህ ሰው የያሂ ሕዝብ የመጨረሻው ሰው ነበር። ያሂዎች ከላሰን ተራራ ግርጌ፣ ሚል ክሪክና ዲር ክሪክ በሚባሉት ወንዞች ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ አዳኞች ነበሩ። ወርቅ ፈላጊውና ሰፋሪው አገሩን ሲያጥለቀልቅ፣ በተለይ በ1860ዎቹ፣ እንደ አውሬ ታደኑ፤ ተጨፈጨፉ። ከዚያ እልቂት የተረፉት ጥቂቶች ጭሳቸውን ደብቀው፣ ዱካቸውን አጥፍተው አርባ ዓመት ገደማ ኖሩ። በ1908 ወንዙን ሊቀይሱ የመጡ ሰዎች በድንገት መንደራቸው ላይ ደረሱ። የሮጠው ሮጠ፤ የታመመችው የዚህ ሰው እናት ብቻ ቀረች። ቀያሾቹ ጎጆው ውስጥ ያገኙትን ቀስትና ፍላጻ፣ የአደን ዕቃና ቅርጫት ይዘው ሄዱ። እናቱም ብዙ ሳትቆይ ሞተች። ያ ቤተሰብ ከዚያ በኋላ አልተሰበሰበም። ሰውየው ብቻውን ቀረ፤ ብቻውንም ከተማ ወረደ።

ወሬው ሳን ፍራንሲስኮ ሲደርስ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ ምሁራን አልፍሬድ ክሮበርና ቶማስ ዋተርማን ነገሩን ያዙት። ዋተርማን ወደ ኦሮቪል ሄዶ የቃላት ዝርዝር እያነበበ ቋንቋውን ፈለገ፤ አንዲት የዛፍ ስም ስትጠራ የሰውየው ፊት በራ። ከዚያ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወሰዱት፤ በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ውስጥም መኖር ጀመረ። የራሱን ስም ለማንም አልነገረም። ክሮበር ኢሺ ብሎ ጠራው፤ ዓለምም በዚሁ ስም አወቀው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሙዚየሙ ከሕክምና ትምህርት ቤቱና ከሆስፒታሉ አጠገብ ነበር። በ1912 ወደዚያ የቀዶ ሕክምና መምህር ሆኖ የመጣ ሳክስተን ፖፕ የሚባል ሐኪም ነበረ። ኢሺን መጀመሪያ ያየው በሐኪምነቱ ነው። ኋላ ግን ደቀ መዝሙሩ ሆነ። ቀስት መሥራትን፣ ፍላጻ ማቅናትን፣ አደን ማድባትን ከኢሺ ተማረ። ቢላ ሥጋን እንዴት እንደሚከፍት በየቀኑ የሚያይ ሰው፣ ድንጋይን ወደ ስለት ከሚለውጥ ሰው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ተገናኘ። የዛሬው ትረካዬ መነሻ ይህ ነው።

ኢሺ እንዴት ይሠራ ነበር? ከጥቁር ባልጩት ድንጋይ ስስ ፍልጥ ያወጣል። ግራ መዳፉ ላይ ቆዳ ያነጥፍና ፍልጡን በላዩ አድርጎ በጣቶቹ አጥብቆ ይይዛል። በቀኝ እጁ እንጨት ላይ የታሰረ የአጋዘን ቀንድ ወይም የብረት ጫፍ አለ። በመዶሻ አይመታም። ጫፉን ከድንጋዩ ጠርዝ ያስደግፍና ወደ ታች ይጫናል፤ ያን ጊዜ ቀጭን ቅርፊት ከሥር ትፈናጠራለች። ድንጋዩን ያገላብጣል፤ ደግሞ ይጫናል። በግማሽ ሰዓት ገደማ ሁለት ጎኑ የተሳለ፣ ለጅማት ማሰሪያ ከሥሩ የተነደለ የፍላጻ ጫፍ ከእጁ ይወጣል። ባልጩት ባጣ ጊዜ የጠርሙስ ስባሪ ያነሣል፤ ከጠርሙስም ያማረ ስለት ይሠራ ነበር።

ሥራው አደጋ አለው። ፍንጣሪው ዓይን ውስጥ ቢገባ ኢሺ አያሽም። በግራ ጣቱ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ይስባል፤ ዓይኑን ሳያርገበግብ ወደ መሬት ያጎነብሳል፤ በቀኝ እጁ አናቱን በኃይል ይመታል፤ ፍንጣሪው ይወድቃል። ፖፕ ይህን በአድናቆት ጽፎታል። ቢታሽ ኖሮ ያ ፍንጣሪ ዓይኑን ይሰነጥቀው ነበር።

ለአደን ሲወጣም ሥርዓት ነበረው። በዋዜማው ዓሣ አይበላም፤ ትንባሆ አያጨስም፤ ሽታው ከሩቅ ይሰማልና። ማለዳ ተነሥቶ በወንዝ ይታጠባል፤ ገላውን መዓዛ ባለው ቅጠል ያሻል፤ ሳይበላ ይወጣል። ለትንንሽ አውሬ ጫፉ ዱልዱም የሆነ የእንጨት ፍላጻ ይበቃዋል። ለአጋዘንና ለድብ ግን የባልጩት ጫፍ ያለውን ይመርጣል። የቀስቱ ኃይል በፖፕ ሚዛን 45 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነበር፤ ይህ በዛሬ አዳኝ እጅ ለስላሳ የሚባል ቀስት ነው። ኃይሉ ትንሽ ከሆነ ሥራውን ሁሉ ስለቱ መሥራት አለበት። ኢሺ ይህን ያውቃል።

ፖፕ ደግሞ ሐኪም ነውና ነገሩን ሳይለካ አላለፈም። አንድ ሣጥን አዘጋጀ። በፊትና በኋላ የአጋዘን ቆዳ ወጠረበት፤ ውስጡን በላም ጉበት ሞላው። ከዚያ የብረት ጫፍ ያለውንና የባልጩት ጫፍ ያለውን ፍላጻ ወረወረበት። የብረቱ በአማካይ 22 ኢንች ገባ፤ 56 ሳንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። የባልጩቱ 30 ኢንች ገባ፤ 76 ሳንቲ ሜትር። ኋላ ቀር ተብሎ የተናቀው ድንጋይ የፋብሪካውን ዘመን ብረት በስምንት ኢንች በለጠው። በኃይል አይደለም የበለጠው፤ በስለት ነው።

የዚህ ምክንያት በድንጋዩ ተፈጥሮ ውስጥ ነው። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ በፍጥነት የቀዘቀዘ ተፈጥሯዊ ብርጭቆ ነው። ውስጡ ቅንጣት የለውም፤ ስለዚህ ሲሰነጠቅ ጠርዙ እስከ ሚሊሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ እጅ ድረስ ይቀጥናል። ብረት ግን ቅንጣት አለው። ብረትን የቱንም ያህል ብትስሉት፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠርዙ የተሸራረፈ ነው። ባልጩትም ጉድለት አለው፤ አጥንት ላይ ሲያርፍ ይሰበራል፤ ከተሰበረም በሞረድ አይሳልም። ብረት ተስሎ ይመለሳል። ብረትን የመረጠ ሁሉ ይህን ያወቀ ነው፤ ግን ብረትን የመረጠ ሰው የመሳልንም ግዴታ አብሮ ተሸክሟል።

ወገኖቼ፣ ስለ ባልጩት ስናወራ የራሳችንን አገር መዝለል አይቻልም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአዋሽ ዳር ባለችው መልካ ቁንጥሬና አጠገቧ ባለችው ባልጪት፣ የጥንት ሰዎች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ባልጩት እየፈለጡ መሣሪያ ሠርተዋል፤ ሁለቱም ስፍራዎች በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በስምጥ ሸለቆ፣ ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ፣ ጋደሞታ በሚባል ስፍራ ደግሞ የሾሉ የባልጩት ጫፎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ279,000 ዓመት ይበልጣል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በጫፎቹ ላይ የቀሩትን የስብራት ምልክቶች መርምረው፣ እየተወረወሩ ያገለገሉ የጦር ጫፎች ናቸው ብለዋል። ቀስት ገና አልነበረም። የሚወረወር ስለት ግን ነበረ፤ የተወረወረውም ከእኛው ሸለቆ ነው።

ጥበቡም ቢሆን ሁሉ በመሬት ውስጥ አልተቀበረም። በኮንሶ ሴቶች፣ በጋሞ ደግሞ ወንዶች፣ ከድንጋይ ፈልጠው ባወጡት መፋቂያ ቆዳ ሲያለፉ በዘመናችን ታይተዋል። መፋቂያው ሲደነዝዝ ጠርዙን በትንሽ በትንሹ እየሸረፉ ይስሉታል፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። ደንዝዞ ዝም ብሎ የሚፋቅበት የለም፤ ቆዳውን ያበላሸዋልና።

ወደ ሳን ፍራንሲስኮ እንመለስ። የሳንባ ነቀርሳ ኢሺን ያዘው። ማርች 25 ቀን 1916 ሞተ፤ ያስታመመው ወዳጁ ፖፕ ነበር። አስከሬኑ ሲቃጠል ከጎኑ ቀስቱን፣ አምስት ፍላጻዎች፣ በቅርጫት የኦክ ዛፍ ፍሬ ዱቄትና ጥቂት ነገሮች አኖሩለት። ከእነዚህም መካከል የባልጩት ፍልጥ ነበረበት። ወዳጆቹ ይህ ሰው በመንገዱ ላይ ምን እንደሚያስፈልገው ያውቁ ነበር።

ፖፕ ቀስቱን አልሰቀለም። አርት ያንግ ከሚባል ቀስተኛ ጋር ሆኖ አደኑን ቀጠለ። ከብረት ቆርጠው ሰፋፊ የፍላጻ ጫፎች ሠሩ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አዳኞች ብሮድሄድ የሚሏቸውን። ርዝመታቸው ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። በፍላጻ አፎታቸው ውስጥም ትንሽ ሞረድ አኖሩ። በ1920 የሎስቶን ገብተው፣ ለካሊፎርኒያ ሳይንስ አካዳሚ ኤግዚቢሽን በቀስት ግሪዝሊ ድብ አደኑ። በ1923 ፖፕ ስለ ቀስት አደን የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ ዛሬም ድረስ ይነበባል። በ1925 ወደ ታንጋኒካ ተሻግረው አንበሳ ገጠሙ። ፖፕ በተከታዩ ዓመት አረፈ።

አርት ያንግ በአላስካ ያደረገው አደን በፊልም ተቀርጾ ነበር። በ1927 ያ ፊልም ዲትሮይት ውስጥ ሲታይ ከተመልካቾቹ መካከል ፍሬድ ቤር የሚባል ወጣት ተቀምጦ ነበር። ያ ፊልም ወደ ቀስት መራው። በራሱ ስም የቀስት ፋብሪካ አቋቋመ፤ በ1956 ሬዘርሄድ የተባለውን ባለ ስለት ጫፍ ለገበያ አወጣ። ዋናው ብረት ሁለት ጠርዝ አለው፤ በመካከሉ ባለ ቀዳዳ ደግሞ እንደ ምላጭ የቀጠነ ተለዋጭ ብረት ይሰካበታል። እንግዲህ ሰንሰለቱን ተመልከቱ፤ ከኢሺ ወደ ፖፕ፣ ከፖፕ ወደ ያንግ፣ ከያንግ ወደ ቤር። በ1961 የተመሠረተው የአሜሪካ የቀስት አዳኞች ማኅበርም የሁለቱን ወዳጆች ስም ይዞ ፖፕና ያንግ ተባለ። በዚያ ሰንሰለት ራስ ላይ የቆመው ግን ከቄራው አጥር ሥር የተገኘው ሰው ነው፤ ይህን መዘንጋት ነውር ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ ልግባ። ስለት ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው?

ጥይትና ፍላጻ በአንድ መንገድ አይገድሉም። የተለመደ የአደን ጠመንጃ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ ከ3,500 ጁል በላይ ጉልበት ይይዛል። 32 ግራም ገደማ የሚመዝን ፍላጻ፣ ከባህላዊ ቀስት በሰከንድ 55 ሜትር ቢወረወር፣ ጉልበቱ ወደ 50 ጁል ብቻ ነው። ጥይት ሥጋውን ያናጋል፤ አጥንቱን ያደቅቃል። ፍላጻ ይህን ማድረግ አይችልም። የፍላጻ ሥራ መቁረጥ ነው። ሳንባን፣ ልብን፣ ታላላቅ የደም ሥሮችን ይቆርጣል፤ እንስሳው ደሙ ሲፈስ፣ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ራሱን ስቶ ይወድቃል። በትክክለኛ ቦታ የገባ ስል ፍላጻ ይህን በሰከንዶች ውስጥ ይፈጽማል።

ደነዝ ስለትስ? የደም ሥር ይለጠጣል፤ ደነዝ ጠርዝ ሲነካው ሳይቆረጥ ወደ ጎን ይሸሻል። ቢከፈትም ይቀደዳል እንጂ አይቆረጥም። ማንኛውም ቀዶ ጥገና ሐኪም ይህን ያውቃል፤ የተቀደደና የተደቆሰ የደም ሥር ጫፉ ይሸበሸባል፤ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ቶሎም ይደፈናል። የተደቆሰ ሥጋ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር በብዛት ይለቃል። በጥሩ ስለት የተቆረጠ ግን ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ደሙ ይፈሳል። ስለዚህ በደነዝ ፍላጻ የቆሰለ አጋዘን ሮጦ ያመልጣል። አንዳንዱ በጫካ ውስጥ ቀናት ቆይቶ ይሞታል፤ አንዳንዱ ቁስሉን ተሸክሞ ይኖራል። የደም ዱካው ቶሎ ይቋረጣልና አዳኙ አያገኘውም። በአዳኙ ስንፍና የሚሠቃየው ይህ እንስሳ ነው። እኔን የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ቀስተኛ ኢላማው ቢስት ነፋስ ነበረ፣ እንስሳው ዞረ፣ ቅርንጫፍ ነካው ሊል ይችላል። ፍላጻው ደነዝ ከነበረ ግን የሚያመካኝበት የለም። ነፋሱ በእጁ አልነበረም፤ ሞረዱ ግን በእጁ ነበር።

ታዲያ እንዴት ይሳላል? ተከተሉኝ።

አዳኙ አዲስ ጫፍ ከፋብሪካ ቢገዛ፣ ብዙ ጊዜ ገና ያልተጠናቀቀ ስለት ነው። በመጀመሪያ የስለቱን ማዕዘን ይወስናል። በሁለት ጎን የተሳለ ባለ ሁለት ጠርዝ ጫፍ በእያንዳንዱ ጎን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ይበቃዋል። ማዕዘኑ ቢጠብ ስለቱ ይቀጥናል፤ አጥንት ላይ ግን ይታጠፋል። ቢሰፋ ይጠነክራል፤ መቁረጡ ግን ይቀንሳል። አዳኙ በሁለቱ መካከል ይመርጣል። ባለ ሦስት ክንፍ ጫፍ ግን ለጀማሪ ይቀላል፤ ሁለቱ ክንፎች በአንድ ጊዜ ሞረዱ ላይ ተኝተው ይሳላሉ፤ ማዕዘኑ በራሱ 60 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል፤ እጅ ሊያዛባው አይችልም።

ከዚያ ቀለም ይቀባል። በተራ ማርከር የስለቱን ጎን ያጠቁረዋል። ሞረዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ያስኬድና ያያል። ቀለሙ ከጠርዙ ሥር ብቻ ከለቀቀ፣ ሞረዱ ጫፍ አልደረሰም። ከጫፉ ብቻ ከለቀቀ፣ እጁ ሽቅብ ሄዷል። ከላይ እስከ ታች እኩል ከለቀቀ፣ ትክክለኛውን ማዕዘን ይዟል። ዓይን ይታለላል፤ ቀለም ግን አይዋሽም።

የፍላጻውን ጫፍ በጠረጴዛ ላይ በሞርሳ ያስረዋል። ሞረድ የሚበላው ወደፊት ሲገፋ ነው፤ ስለዚህ ሲመለስ ያነሣዋል። ጎትቶ ወደ ኋላ የሚመልሰው ሰው ጥርሱን ያደነዝዛል። በአንድ ጎን ሲሞርድ ቆይቶ በሌላው ጎን ጣቱን ሲያሳርፍ፣ ጥፍር የሚቧጥጥ ቀጭን የብረት ክር ያገኛል። ይህ ክር የምሥራች ነው፤ የሁለቱ ጎኖች ጠርዝ ተገናኝቷል ማለት ነው። ክሩ ከታች እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ እስኪመጣ ድረስ ይሞርዳል፤ ከዚያ ጫፉን ገልብጦ በሌላው ጎን ይደግመዋል። እዚህ ላይ ትዕግሥት የሌለው ሰው ይወድቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ክሩ ሳይወጣ ወደ ቀጣዩ ድንጋይ የሄደ ሰው ስለት የሌለው የሚያብረቀርቅ ብረት ይዞ ይቀራል።

ከሞረዱ በኋላ ለስላሳ የመሳያ ድንጋይ ይከተላል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ይበልጥ የለሰለሰ። ከዚያ ያ ክር መወገድ አለበት። ቢተው መጀመሪያ ሥጋ ሲነካ ይታጠፋል፤ ሥሩ ያለውን ስለት ይሸፍነዋል። የማስወገጃው መንገድ በየጎኑ እየቀያየሩ፣ ጫና እየቀነሱ፣ በመጨረሻ በመወልወያ ዱቄት የተቀባ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ መጎተት ነው። ወደፊት ከተገፋ ስለቱ ቆዳውን ይቆርጣል። የኤሌክትሪክ መሳያ የሚጠቀም ደግሞ ይጠንቀቅ፤ ብረቱ በግጭት ሲግል ሰማያዊ ቀለም ያወጣል፤ ያን ጊዜ ጥንካሬው ቀንሷል፤ ስለቱ ቢሳልም አይቆይም።

ስለቱ ሲያልቅ ይፈተናል። አንዳንዱ የክንዱን ፀጉር ይላጫል። የተሻለው ፈተና ግን የላስቲክ ቀለበት ነው። ላስቲኩን ሳያጠብቅ በቦርሳ ወይም በሣጥን ላይ ያደርግና ስለቱን በቀስታ ያሳልፍበታል። ስል ከሆነ ላስቲኩ ወዲያው ይበጠሳል። ደነዝ ከሆነ ላስቲኩ ይገፋል፤ ወደ ጎን ይሸሻል። የደም ሥር የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ይህ ፈተና አዳኙ ጫካ ከመግባቱ በፊት ጫካ ውስጥ የሚሆነውን ያሳየዋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ክርክር አለ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ታዋቂው ቀስተኛ ሃዋርድ ሂል የሞረድ ስለት ይበቃል ብሎ ያምን ነበር፤ ሞረድ የሚተወው ጥርስ መሰል ሻካራ ጠርዝ ሥጋን ይቀድዳል፣ ደሙንም ያፈሳል የሚለው ወገን የእርሱ ተከታይ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ኤድ አሽቢን ይጠቅሳል። አሽቢ በ1980ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ናታል በብዙ እንስሳት አካል ላይ ፍላጻን ፈትኖ መዝግቧል። የእርሱ ፍርድ ስለቱ ይለስልስ፣ በቆዳ ላይ ይጠናቀቅ፣ በአንድ ጎን ብቻ በ25 ዲግሪ ገደማ ይሳል የሚል ነው። በአንድ ጎን የተሳለ ጫፍ በሥጋ ውስጥ ሲገባ ይሽከረከራል፤ አጥንትም ቢያገኝ ይሰነጥቀዋል። ላባውና ስለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢያሽከረክሩት ደግሞ የበለጠ ይሠራል።

እኔ ወደ አሽቢ ወገን አዘነብላለሁ፤ ምክንያቴም የደም ሥር ነገር ነው። ጥርስ ያለው ስለት ይቀድዳል፤ የተቀደደ ደግሞ ይደፈናል። ሁለቱ ወገኖች ግን የሚስማሙበት ትልቅ ነገር አለ። ሁለቱም በእጃቸው ይስላሉ፤ ሁለቱም ይፈትናሉ። ክርክሩ በሚስሉ ሰዎች መካከል ነው፤ ከማይስል ሰው ጋር የሚከራከር የለም።

ስለቱ ከተፈተነ በኋላም ሥራው አላበቃም። ፍላጻዎች በአፎት ውስጥ ሲነካኩ ስለታቸው ይበላሻል፤ ስለዚህ ጫፎቹ እንዳይነካኩ ተለያይተው ይቀመጣሉ። ያ ቀጭን ጠርዝ በአንድ ሌሊት ጤዛ ይዝጋል፤ ስለዚህ ቫዝሊን ይቀቡታል። ለልምምድ ኢላማ ላይ የተወረወረ ጫፍ ደንዝዟል፤ ለአደን ከመሄዱ በፊት እንደገና ይሳላል። አዳኙ በካምፕ ሳለ በየማታው አፎቱን ይፈትሻል። ሞረዱና ትንሽ ድንጋዩ እንደ ውኃና እንደ ክብሪት ከጓዙ አይለዩም።

በእኛም አገር ይህ ኃላፊነት እንግዳ አይደለም። በዓል ሲደርስ በግ የሚያርድ ሰው አስቀድሞ ቢላውን ይስላል። ሙስሊሙ ቢላውን እንዲስል፣ ከእንስሳውም ፊት እንዳይስል በሃይማኖቱ ታዝዟል። የአይሁድ አራጅ የቢላውን ጠርዝ በጥፍሩ ላይ እያስኬደ ይመረምራል፤ ጥርስ ካገኘበት እስኪስተካከል ድረስ አያርድም። ያሂውም፣ ሐኪሙም፣ አራጁም የተስማሙበት ነገር አንድ ነው። ሕይወት የሚያጠፋ እጅ ቢያንስ ሥቃይን ማሳጠር አለበት፤ ይህ ደግሞ የሚሠራው እንስሳው ሳይኖር፣ በጠረጴዛ ላይ፣ ማንም ሳያይ ነው።

ስለዚህ ቀስት ይዞ ጫካ ለሚገባ ሁሉ የምለው ይህ ነው። እያንዳንዱን ጫፍ በላስቲኩ ላይ አሳልፍ። ያለፈውን ወደ አፎትህ መልስ። ያላለፈውን ወደ ሞረዱ መልስ፤ እስኪያልፍም አፎት አታስገባው። አንድም ያለፈ ከሌለ፣ ጎህ ቢቀድም፣ ጓደኞችህ መኪና ላይ ሆነው ቢጠሩህም፣ አደኑ ለሌላ ቀን ይቅር። አጋዘኑ ነገም ይኖራል፤ በደነዝ ፍላጻ የቆሰለውን ግን ማንም አይክሰውም።